ሰጋርና አጋሰስ
ስለ እሽቅድምድም ብስክሌትና ስለ ሥራ ብስክሌት በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



የተሰጠን ጊዜ አጭር፣ ነገሩ ግን አከራካሪ ስለ ሆነ መግቢያ ሳናበዛ ወደ ጉዳዩ እንገባለን። ማኅበራችን ከጥቅምት ወር ጀምሮ ከየአባሉ ካሰባሰበው መዋጮ ለአባሎች መገልገያ የሚሆን ብስክሌት ለመግዛት አስቧል። በዚህ አሳብ ማንም አልተቃወመም። ክርክሩ የተነሣው «ምን ዐይነት ብስክሌት?» የተባለ ጊዜ ነው። የስፖርት ክፍሉ ወዳጆቻችን አንድ ያገለገለ ነገር ግን ደኅና የእሽቅድምድም ብስክሌት ይገዛ ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ በዚያው ገንዘብ አራት ጠንካራ የሥራ ብስክሌት እናገኛለን ብለው ይከራከራሉ። ባለፈው ስብሰባ ድምፅ ሳይሰጥ የተበተነው በዚሁ ምክንያት ነው።

እኛ በዚህ ነገር እንድንናገር የተመረጥነው ዐዋቂዎች ስለ ሆንን አይደለም። ከግቢ ውጭ አንድ ቤት ተከራይተን የምንኖር ስድስት ተማሪዎች ነን፤ በመካከላችንም ሁለት ብስክሌት አለ። አንደኛው ቀጭን፣ ቀላል፣ መሪው እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የተጠመዘዘ የእሽቅድምድም ብስክሌት ነው። ሁለተኛው ከሻንጋይ የሚመጣው ጥቁሩ ፎኒክስ ነው፤ ብዙዎቻችሁ በልጅነታችሁ በየሰፈሩ በሰዓት እየተከራያችሁ የተማራችሁበትን ዐይነት ማለታችን ነው። በቤታችን የመጀመሪያውን «ሰጋር»፣ ሁለተኛውን «አጋሰስ» እንላቸዋለን። አንድ ዓመት ሙሉ ሁለቱንም እየተፈራረቅን ነድተናል፣ ወድቀናል፣ ጠግነናል። የምንናገረውም ይህን ነው።

አስቀድሞ ሁለቱም የአንድ አባት ልጆች መሆናቸውን ማስታወስ ይገባል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1885 ጆን ኬምፕ ስታርሊ የተባለ እንግሊዛዊ በኮቨንትሪ ከተማ ሁለት እኩል ለመሆን የተቃረቡ ጎማዎች ያሉት፣ የኋላውን ጎማ በሰንሰለት የሚያዞር ብስክሌት ሠራ። ከሦስት ዓመት በኋላ በ1888 ደንሎፕ አየር የሚሞላ ጎማ አወጣ። ከዚያ ወዲህ አንዱ ወገን ክብደት እየቀነሰ ወደ ውድድር ሄደ፤ ሌላው ወገን ብረት እየጨመረ ወደ ገበያ፣ ወደ ፖስታ ቤትና ወደ እርሻ ሄደ። የመጀመሪያው ዛሬ እጅግ ቀሎ የዓለም የብስክሌት ማኅበር ከ2000 ጀምሮ በውድድር ላይ ከ6.8 ኪሎ ግራም በታች እንዳይሆን እስከ መከልከል ደርሷል። ሁለተኛው ከ20 ኪሎ ግራም ብዙም አልራቀም። የኛ ሰጋር በወፍጮ ቤት ሚዛን ላይ 9 ኪሎ ሲመዝን አጋሰሱ 21 ሆነ። ልዩነቱ 12 ኪሎ ነው።

እንግዲህ ሰው ሁሉ የሚፈራው ይህን 12 ኪሎ ነው። እኛም ፈርተነው ነበር። ነገር ግን ሒሳቡን ስንሠራው ነገሩ ሌላ ሆኖ አገኘነው። ከአዳማ ተነሥቶ አዲስ አበባ የሚገባ ሰው መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ ከፍታው ሰባት መቶ ሜትር ያህል ይጨምርበታል። 12 ኪሎ ግራም ብረትን ሰባት መቶ ሜትር ወደ ላይ ለማንሣት የሚፈለገው ጉልበት፣ የሰው ጡንቻ ከሚበላው ምግብ ሩቡን ያህል ብቻ ወደ ሥራ እንደሚለውጥ ተቈጥሮ፣ ሰማንያ ካሎሪ ገደማ ነው። ይህ ከአንድ መቶ ግራም ዳቦ ሲሶ ያህሉ ነው! የፊዚክስ መምህራችን እዚህ ስላሉ ከተሳሳትን ያርሙን። በአጭር ዳገት ላይ፣ በተለይም ከቆምንበት ስንነሣ፣ ክብደቱ እግርን እንደሚይዝ አንክድም። ዳሩ ግን አዳማ፣ ወንጂ፣ መቂ፣ ባቱ ያሉበት ስምጥ ሸለቆ በአብዛኛው ሜዳ ነው። የሜዳ ጠላት ክብደት አይደለም፤ ነፋስ ነው።

ስለ አዳማ ነፋስ ለእናንተ መናገር ለዓሣ ስለ ውኃ እንደ መናገር ይሆንብናል። በከተማው ዙሪያ በኮረብታ ላይ የቆሙትን ነጫጭ ምሰሶዎች በየቀኑ ታያላችሁ። በ2004 ዓ.ም. የተጠናቀቀው የመጀመሪያው የነፋስ ኃይል ማመንጫ 51 ሜጋ ዋት፣ በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው ሁለተኛው 153 ሜጋ ዋት ለማመንጨት የሚችሉ ናቸው። ይህን ያህል ገንዘብ የፈሰሰበት ነፋስ በብስክሌተኛ ደረት ላይ የሚያደርገውን አስቡት። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ፊት ለፊት ቢገጥመው በደረቱ የሚቀበለው የ35 ኪሎ ሜትር ነፋስ ነው። የአየር ግፊት ደግሞ በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን ፍጥነቱ በራሱ ሲባዛ በሚሆነው ልክ ስለሚያድግ፣ የሚገፋው ኃይል ጸጥ ባለ ቀን ከሚገፋው ከአምስት እጥፍ በላይ ይሆናል።

ይህን በቃል ብቻ እንዳንተወው አንድ እሑድ ጧት ሁለታችን በሁለቱ ብስክሌቶች ከአዳማ ወደ ሞጆ ወጣን። በአዲሱ የፍጥነት መንገድ ብስክሌት ስለማይፈቀድ የሄድነው በአሮጌው መንገድ ነው። ነፋሱ ከምሥራቅ ነበርና በሄድን ጊዜ ከጀርባችን ሆነልን። ሰጋሩ በ58 ደቂቃ፣ አጋሰሱ በ66 ደቂቃ ሞጆ ገቡ። ልዩነቱ ስምንት ደቂቃ ብቻ! ሻይ ጠጥተን ስንመለስ ግን ነፋሱ ፊታችን ላይ ቆመ። ሰጋሩ በ72 ደቂቃ አዳማ ደረሰ፤ የአጋሰሱ ነጂ 97 ደቂቃ ፈጅቶ፣ ዐይኑ በአቧራ ቀልቶ፣ ለግማሽ ሰዓት ያህል ማንንም ሳያነጋግር ቀረ። በሚቀጥለው እሑድ ነጂዎቹ ተለዋወጡ፤ የደቂቃው ቍጥር ትንሽ ተለወጠ እንጂ ነገሩ ያው ሆነ።

የስፖርት ክፍሉ ወዳጆቻችን እዚህ ላይ ማጨብጨባቸው ተገቢ ነው። ነገር ግን ታሪኩ አላለቀም። ከእኛ አንዱ፣ እርሱም የመካኒክ ተማሪ ነው፣ «ነፋሱን የሚያሸንፈው ብስክሌቱ ነው ወይስ የነጂው ጐንበስ ማለት?» ብሎ ጠየቀ። የአጋሰስ መሪ ወደ ላይ ከፍ ብሎ ወደ ነጂው የተመለሰ ነው፤ ነጂው እንደ ዳኛ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፤ ደረቱም እንደ በር ለነፋስ ይከፈታል። ይህ ወዳጃችን በአንድ መፍቻ መሪውን ፈትቶ ገልብጦ አሰረው። መያዣው ከኮርቻው በታች ዝቅ አለ። በሦስተኛው እሑድ፣ ነፋሱ እንደ በፊቱ ሆኖ፣ አጋሰሱ ከሞጆ በ84 ደቂቃ ተመለሰ። ከ25ቱ ደቂቃ ልዩነት 13ቱ ያለ ምንም ወጪ ተመለሰልን ማለት ነው። የሦስት እሑድ ሙከራ ሳይንስ እንደማይባል እናውቃለን፤ ነፋስንም ማንም ሁለት ጊዜ በአንድ ልክ አያገኘውም። ሆኖም ከሰጋሩ ፍጥነት ግማሽ ያህሉ የብረቱ ሳይሆን የአቀማመጡ እንደ ሆነ አምነናል። የቀረው ልዩነት ከጎማውና ከማርሹ የሚመጣ ይመስለናል። አጋሰስ አንድ ማርሽ ብቻ አለው፤ ከፊት 44፣ ከኋላ 18 ጥርስ ቈጥረንበታል፤ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር አምስት ሜትር ተኩል ያህል ይሄዳል፤ ነፋስ ቢመጣም ዳገት ቢመጣም ያው ነው። ሰጋሩ ግን ከሁለት ሜትር ተኩል እስከ ዘጠኝ ሜትር ተኩል እንደ ነጂው ፈቃድ ይመርጣል። በዚህ ረገድ ሰጋሩን የሚስተካከለው የለም፤ መመስከር አለብን።

አሁን ደግሞ ከአስፋልቱ እንውረድ። ከእኛ አንዱ የወንጂ ልጅ ነው። ወንጂ ከአዳማ ዐሥር ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ የሆላንዶቹ ኩባንያ ያቋቋመው ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ የጀመረባት ናት። የወዳጃችን ቤተሰብ የሚኖረው በሸንኮራ እርሻው መካከል ከሚያልፉት የዐፈር መንገዶች በአንዱ ዳር ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ እናቱ ሄዶ የሳምንት ስንቅ ይዞ ይመለሳል፤ ያ ስንቅ እውነቱን ለመናገር የስድስታችንም ስንቅ ነው። አንድ ቅዳሜ አጋሰሱን ሌላ ሰው ወስዶት ስለ ነበር በሰጋሩ ሄደ።

ከአስፋልቱ በወረደ በጥቂት መቶ ሜትር ውስጥ የፊት ጎማው ተነፈሰ። ለጠፈው። ጥቂት እንደ ሄደ የኋላው ተነፈሰ። ምክንያቱ ኵርንችት ነው። ይህች መሬት ለመሬት የምትሳብ አረም ፍሬዋ በየትም ብትወድቅ አንድ እሾህ ወደ ላይ አቁማ ትጠብቃለች፤ የባዶ እግር እረኞች ጠላት እንደ ሆነች ሁሉ የቀጭን ጎማም ጠላት ናት። ሦስተኛ ጊዜ በተነፈሰ ጊዜ መለጠፊያው አለቀበት፤ ሰጋሩን ተሸክሞ እናቱ ቤት ደረሰ። እናቲቱም ወጥተው አይተው «ልጄ፣ አንተ ነህ እሱን የምትነዳው ወይስ እሱ ነው አንተን የሚነዳህ?» አሉት። ስንቁንም የሚጭንበት ስላልነበረ ባዶ እጁን መጣ። በዚያ ሳምንት ምን እንደ በላን አንናገርም።

አጋሰሱም በኵርንችት ይወጋል። ነገር ግን ጎማው ወፍራም፣ አየሩም ለስላሳ ስለ ሆነ ብዙው እሾህ ከላስቲኩ ሳያልፍ ይሰበራል። ክረምት ሲገባና ዋልካው ሲርስ ደግሞ ጭቃው ከጎማውና ከፍሬኑ መካከል ይገባል፤ በሰጋሩ ላይ ጣት እንኳ የማያስገባ ቦታ ስለ ሆነ ጎማው ጨርሶ አይዞርም። በአጋሰሱ ላይ ጭቃው ይይዛል፣ በእንጨት ይጠረጋል፣ ጉዞው ይቀጥላል። ከኋላው ባለው ዕቃ መጫኛ ላይ ግማሽ ኩንታል ጤፍ፣ ሁለት ጀሪካን ውኃ፣ ወይም ላብራቶሪ የረፈደበት አንድ ወዳጅ ተቀምጦ ያውቃል።

ስለ ጥገናም እንናገር፤ ገንዘብ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነውና። ባለፈው ዓመት የሰጋሩ የኋላ ጎማ አለቀ። ጎኑ ላይ «28» የሚል ጎማ ከአንድ ሱቅ ገዝተን ደስ ብሎን መጣን። ጎማው ግን ከቸርኬው ላይ እንደ ትልቅ ባርኔጣ ይንሸራተት ጀመር። በኋላ እንደ ተረዳነው «28» የሚባለው ቍጥር ለሁለቱም ይጻፋል፤ ነገር ግን የሰጋሩ ጎማ የሚቀመጥበት ክብ ስፋቱ 622 ሚሊ ሜትር፣ የአጋሰሱ 635 ሚሊ ሜትር ነው። በ13 ሚሊ ሜትር ምክንያት ገንዘባችን ጠፋ፤ ባለ ሱቁም አልመለሰልንም። ከእናንተ ብስክሌት ያለው ሁሉ «28» የሚለውን ትቶ በጎማው ጎን በትንሹ የተጻፈውን ባለ ሦስት አኃዝ ቍጥር ያንብብ።

ያን ጎማ ይዘን ወደ አንድ ጠጋኝ ሄድን። ጋሼ እያልን የምንጠራቸው፣ ከአጼ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ጀምሮ ብስክሌት የጠገኑ ሽማግሌ ናቸው። ሰጋሩን ዙሪያውን ዞረው አዩት። ማርሽ መለወጫውን በጣታቸው ነካ አደረጉት።

«ልጆቼ፣ ቆንጆ ነው» አሉ። «ቆንጆነቱን አልክድም። ግን ሲታመም መድኃኒቱ እኔ ዘንድ የለም።»

«ጋሼ፣ አዲስ አበባ ይገኝ ይሆን?»

«ይገኝ ይሆናል። አጋሰሳችሁ ሲታመም ግን አዲስ አበባ ድረስ ትልኩኛላችሁ?»

እውነታቸውን ነው። የአጋሰስ ጎማ፣ ሰንሰለት፣ ፔዳል በሞጆም በመቂም በባቱም በሻሸመኔም ይገኛል። የሰጋሩ የአየር መሙያ አፍ ግን እንኳን ዕቃው፣ የጎሚስታው ቱቦ እንኳ አይገጥመውም፤ ትንሽ የናስ መጋጠሚያ ያስፈልገዋል፤ እርሷም የጠፋች ቀን ሰጋሩ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት የተሰቀለው በዚህ ምክንያት ነው ብንል ግማሽ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ከዚህ ይከብዳል።

በመጋቢት ወር ከእኛ አንዱ ጧት በ12 ሰዓት በሰጋሩ ልምምድ ወጣ። በከተማው መግቢያ በጎርፍ መውረጃ ላይ የተጋደመ የብረት ፍርግርግ አለ፤ ብረቶቹ ወደ መንገዱ አቅጣጫ ተዘርግተዋል። የአጋሰስ ጎማ አራት ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚሰፋ በላዩ ያልፋል፤ ብዙ ጊዜም አልፈንበታል። የሰጋሩ ጎማ ሁለት ሴንቲ ሜትር ከምናምን ነውና በብረቶቹ መካከል ገባ። ወዳጃችን በመሪው ላይ ተወርውሮ በእጁ አረፈ፤ የእጁ አንጓ ተሰበረ። ከኋላው የሚመጣው የጭነት መኪና ነጂ ፍሬን ባይይዝ ኖሮ ዛሬ ይህን ንግግር አናደርግም ነበር። የግማሽ ዓመቱን ሁለት ፈተናዎች የጻፈው በግራ እጁ ነው። ዛሬ እዚህ በሦስተኛው ረድፍ ተቀምጧል። ለማን ድምፅ እንደሚሰጥ ብንጠይቀው «ለሰጋሩ» ብሎናል! ጥፋቱ የፍርግርጉ እንጂ የብስክሌቱ አይደለም ይላል። በዚህም ተከራክረን አልጨረስንም።

እርሱ እንዲህ የሚልበትን ምክንያት ግን እናውቃለን፤ እኛም አንዳንድ ጧት ቀምሰነዋልና። ነፋሱ ገና ሳይነሣ፣ ፀሐይ ስትወጣ፣ በሰጋሩ ላይ ጐንበስ ብሎ መብረር ከሌላ ነገር ጋር አይነጻጸርም። የስፖርት ክፍሉም የሚያነሣው ስም የዋዛ አይደለም። አገራችን በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስትካፈል ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ነበሯት፤ ገረመው ደንቦባ ከነዚያ አንዱ ነው። በ2008 ዓ.ም. የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ ከኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው ሆኖ የፈረንሳይን ዙር ነድቷል። በ2016 ዓ.ም. ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በዚያው ውድድር ሦስት ጊዜ ቀድሞ አረንጓዴውን ማልያ ለብሷል። ይህን ሁሉ እያየ «እኛስ?» የማይል ወጣት የለም።

ነገር ግን የእሽቅድምድም ብስክሌት እንደ ጫማ ነው፤ ለአንድ ሰው እግር ይሰፋል። የብረቱ ቁመት፣ የኮርቻው ከፍታ፣ የመሪው ርቀት በነጂው አካል ይለካል። የኛ ሰጋር ከስድስታችን ለሁለቱ ብቻ ይስማማል፤ አጭሩ ወዳጃችን ፍሬኑ አይደርስለትም። ማኅበሩ አንድ ሰጋር ቢገዛ ለአንድ ሰው ገዛ ማለት ነው፤ ያ ሰው ማን ይሁን? መዋጮውን የከፈሉት ሁሉ ናቸው። ከከተማው ዳር እየተነሡ በእግራቸው የሚመጡ፣ የባጃጅ ሒሳብ በየቀኑ የማይችሉ፣ የጧት 2 ሰዓት ትምህርት የሚያመልጣቸው ወንድሞችና እኅቶች በመካከላችን እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን፤ ስም መጥራት አያስፈልግም። አንድ ተማሪ ባለፈው ዓመት ላብራቶሪ በመቅረቱ ምክንያት አንዱን ትምህርት እንደገና ለመውሰድ ተገዷል። ርቀቱ ሦስት ኪሎ ሜትር ነበር። በአጋሰስ ሩብ ሰዓት አይፈጅም።

ስለ እኅቶቻችንም ባለፈው ስብሰባ ማንም አላነሣም። ከአራቱ ብስክሌቶች ቢያንስ ሁለቱ መካከለኛው ብረታቸው ዝቅ ያለ፣ በቀሚስም ለመውጣት የሚመች ዐይነት ይሁኑ እንላለን። በሥራ ብስክሌት ወገን ይህ ዐይነት በዋጋ ብዙም ሳይለይ ይገኛል።

ስለዚህ የእኛ አሳብ አራቱ የሥራ ብስክሌቶች ይገዙ የሚል ነው። የስፖርት ክፍሉንም ባዶ እጁን አንሰድም። የኛን ሰጋር፣ የናሱ መጋጠሚያ ተገኝቷልና፣ በሳምንት ሦስት ጧት ለልምምድ እናውሳለን፤ ጎማውን ግን የሚጠቀምበት ሰው ይግዛ፤ 622 የሚለውን አይቶ። የፍርግርጉንም ነገር ለከተማው አስተዳደር ማኅበሩ በጽሑፍ እንዲያመለክት እንጠይቃለን፤ ብረቶቹ ወደ ጎን ቢዞሩ ይበቃል፤ የአንድ ቀን የብየዳ ሥራ ነው።

ሁለቱም ብስክሌቶች በር ላይ ቆመዋል። ከስብሰባው በኋላ ለመሞከር የሚፈልግ ሁሉ ይችላል። አጋሰሱን የሚወስድ ሰው መሪው እንደ ተገለበጠ መሆኑን ይወቅ፤ ደወሉም ከሥር ስለ ዞረ በአውራ ጣት ሳይሆን በትንሿ ጣት ይመታል።